ሰርተፍኬቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ክብ እንሳል

“ኮዲንግ መማር ፈልጌ ነበር፤ ከየት ልጀምር?” የምትል መልእክት በቴሌግራም በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ትደርሰኛለች። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ተማሪዎች ወይም ገና የተመረቁ ናቸው። ላፕቶፕ ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ ስልክ ግን ሁሉም አላቸው። ጥያቄዋ አጭር ብትሆንም ከኋላዋ ብዙ ነገር አለ፦ ሥራ ፍለጋ፣ “ጊዜ እያመለጠኝ ነው” የሚል ስጋት፣ “እከሌ እኮ ቤቱ ተቀምጦ በዶላር ይከፈለዋል” የሚል የጓደኛ ወሬ። መልሱም ባገራችን የታወቀ ነው። “ፓይተን ጀምር”፣ “ኮርስ ተመዝገብ”፣ “መጀመሪያ ላፕቶፕ ግዛ” ይባላል። እኔም እንዲሁ እል ነበር።

አሁን የምለው ሌላ ነው። የስልካችሁን ብራውዘር ክፈቱና በኮድ አንድ ክብ ሳሉ። ክቡን ጣታችሁን እንዲከተል አድርጉት። ከዚያ ቀለሙን ቀይሩ። ይሄንን እያደረጋችሁ ሰዓቱን ከረሳችሁት፣ ኮዲንግ የእናንተ ነገር ሊሆን ይችላል። ከሰለቻችሁ ደግሞ የጠፋው አንድ ምሽት ነው፤ የአባታችሁ ብር አይደለም።

ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ ክረምት ላይ ከፍዬ ማሰልጠኛ ገብቼ ነበር፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። ሦስት ወር ተማርን። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ትርጉም በማስጻፍ አለቀ፦ ቫሪያብል ምንድን ነው፣ ዳታ ታይፕ ስንት ነው። ሁለተኛው ወር ላይ የሠራተኛ ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፍን። ግብር ተቀንሶ፣ ጡረታ ተቀንሶ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ቁጥር ብቅ ትላለች። በቃ፣ እሷ ናት። ደመወዝ የሌለን ልጆች የማናውቀውን ሠራተኛ ደመወዝ ስናሰላ ከረምን። ሲጀመር ወንበር ጠቦን የነበረው ክፍል መጨረሻ ላይ አሥር እንኳን አንሞላም ነበር። የቀሩት ሰነፎች አልነበሩም። ሦስት ወር ሙሉ “ይሄ የእኔ ነው” የሚሉት አንድ ነገር ስላላዩ ነው የቀሩት። ሰርተፍኬቴ አሁንም ከእነ ላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ነገሩን በዋጋ ማየት ይቀናኛል። ቅቤ ተራ የሄደ ሰው ሳይቀምስ አይገዛም፤ ነጋዴውም ጫፏን ቆንጥሮ ያቀምሳል። ኮዲንግ ግን የምንገዛው ሳንቀምስ ነው። ላፕቶፕ፣ የኮርስ ክፍያ፣ የሦስት ወር ታክሲ፣ በዚያ ላይ በዚያው ጊዜ ልንሠራው የምንችለው ሌላ ሥራ። ይሄን ሁሉ ከፍለን ከጨረስን በኋላ ነው “አልወደውም” የምንለው። ወይም ደግሞ የከፈልነው ቆጭቶን ሳንወደው እንቀጥላለን፤ እሱ ይብሳል።

ነፃ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ያስጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ትምህርቱን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ተመዝገቡ፤ ነውር የለውም። የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም። የሚያሳስበኝ ወሬያችን “ምን ሠራህ?” መሆኑ ቀርቶ “ስንቱን ጨረስክ?” መሆኑ ነው። ፌስቡክ ላይ የሰርተፍኬት ፎቶ በየቀኑ አያለሁ፤ የሰውዬውን ሥራ የሚያሳይ ሊንክ ግን እምብዛም አላይም።

ታዲያ ክብ መሳል ከየት መጣ? ነገሩ ክሪኤቲቭ ኮዲንግ ይባላል። ፕሮግራም የምንጽፈው ባንክ ወይም ሱቅ ለማሠራት ሳይሆን ስዕል፣ እንቅስቃሴ፣ ድምፅና ጨዋታ ለመፍጠር ሲሆን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ የተባሉ ሁለት ሰዎች ፕሮሰሲንግ የተባለ መሣሪያ ጀመሩ። ሁለቱም በጆን ማኤዳ የምርምር ቡድን ውስጥ የነበሩ ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ሠዓሊና ዲዛይነር ኮምፒዩተር ሳይንስ ሳይማር ኮድ “ማስታወሻ ደብተር ላይ እንደሚሞነጫጭር” ሆኖ ይጻፍ። እስካሁን ድረስ በፕሮሰሲንግ የተጻፈ ፕሮግራም “ስኬች” ነው የሚባለው፤ ንድፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሎረን ሊ ማካርቲ የምትባል አርቲስት ይህንኑ ሐሳብ ወደ ብራውዘር አመጣችው፤ ስሙ ፒ5 ጄኤስ ተባለ። ለእኛ ትልቁ ነገር የመጣው እዚህ ጋ ነው። ብራውዘር ያለው ነገር ሁሉ ይከፍተዋል፤ ስልካችሁ ብራውዘር አለው።

እስኪ የመጀመሪያውን ምሽት አብረን እንየው። ጉግል ላይ “ፒ5 ኤዲተር” ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ። የሚከፈተው ገጽ ላይ ሳትመዘገቡ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ለማስቀመጥ ብቻ ነው አካውንት የሚጠይቀው። ጥቂት መስመሮች ተጽፈው ይጠብቋችኋል። ሁለት ክፍል አላቸው፦ “ሴትአፕ” እና “ድሮው”። ሴትአፕ አንዴ ብቻ የሚሠራው ዝግጅት ነው፤ ቡና ከመፈላቱ በፊት ረከቦቱን እንደማቅረብ። ድሮው ደግሞ በሴኮንድ ወደ 60 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። እንቅስቃሴ የሚመስለን ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ድግግሞሽ ነው።

የመሳያው ስፋት 400 በ400 ተብሎ ተቀምጧል። ለብዙ ስልክ ይሰፋል፤ ሁለቱንም ወደ 300 አውርዱት። ከዚያ ድሮው ውስጥ “ሰርክል” የሚለውን ትዕዛዝ ጨምሩና በቅንፍ 150፣ 150፣ 50 ብላችሁ ጻፉ። የማጫወቻ ምልክቷን ስትነኩ መሐል ላይ ክብ ታያላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ከግራ ያለው ርቀት ነው፤ ሁለተኛው ከላይ ያለው፤ ሦስተኛው ስፋቱ። እዚህ ላይ እኔ ተደናግሬ ነበር። በእኛ የአቅርቦትና የፍላጎት ግራፍ ቁጥር ሲጨምር ወደ ላይ ይወጣል፤ ስክሪን ላይ ግን ዜሮ ከላይ በግራ ጥግ ነው፣ ቁጥር ሲጨምር ወደ ታች ይወርዳል። አራት ዓመት ሙሉ ወደ ላይ ሲወጣ ያየሁትን ነገር ገልብጬ ለማሰብ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

አሁን ሁለቱን 150ዎች አጥፉና በቦታቸው “ማውስኤክስ” እና “ማውስዋይ” አስገቡ። ስክሪኑን ንኩ። ክቡ ጣታችሁን ተከትሎ ይሄዳል። እኔ ይህቺን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ጓደኛዬ ስልክ ላይ ነው፣ መብራት በጠፋበት ማታ። ከሦስት ወሩ ኮርስ ሁሉ ይልቅ በዚያች ማታ ነው ቫሪያብል ምን እንደሆነ የገባኝ፦ ስሙ የማይቀየር፣ ውስጡ ያለው ግን የሚቀያየር ነገር። ጣቴ ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ ተቀየረ፤ ቁጥሩ ሲቀየር ክቡ ተነሣ። ትርጉም ማስጻፍ አላስፈለገም።

የበለጠ የሚገርመው ስህተቱ ነው። “ባክግራውንድ” የምትለዋን መስመር፣ ማለትም ገጹን በቀለም የምትሸፍነዋን፣ ድሮው ውስጥ እንዳለች ከተዋችኋት በየዙሩ ያለፈውን ክብ ትሸፍናለች። ሳታውቁ ካጠፋችኋት ግን የድሮዎቹ ክቦች ሳይጠፉ ይቀራሉ፣ ጣታችሁም ልክ እንደ ብሩሽ ዱካ ይተዋል። ተበላሸ ያላችሁት ነገር የስዕል አፕ ሆነላችሁ። የደመወዝ ፕሮግራም ውስጥ ስህተት ስህተት ነው፤ ቁጥሩ ልክ ካልሆነ አስተማሪው ቀይ ያሰምራል። እዚህ ግን ግማሹ ስህተት ከታሰበው የተሻለ ይሆናል። ጀማሪ ሰው ስህተትን የማይፈራበት ቦታ ያስፈልገዋል። የክርክሬ ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ የሚመጣ ነው።

የስልክን ጣጣ ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ኪቦርዱ የመስመሩን የመጀመሪያ ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርገዋል፤ ለኮድ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል የተለያዩ ናቸው። “አስተካከልኩልህ” ብሎ ቃል ይቀይራል። ስለዚህ ከምንም በፊት የኪቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ራስ-ሰር ማረሚያውንና ትልቅ ፊደል ማድረጊያውን አጥፉ። ክቡን በጣት ስትጎትቱ ገጹ አብሮ የሚንሸራተትባችሁ ከሆነ “ተችሙቭድ” የሚል ክፍል ጨምራችሁ “ሪተርን ፎልስ” በሉት፤ ይቆማል። ስልኩን አግድም ብታዞሩት መስመሩ ይረዝማል፣ ኪቦርዱ ግን ስክሪኑን ግማሽ ይበላዋል። ምርጫው የእናንተ ነው። እኔ ቁመቱን መርጫለሁ። ርካሽ የብሉቱዝ ኪቦርድ መዋስ የምትችሉበት ሰው ካለ ግን ደስ ይላል፤ ላፕቶፕ ከመግዛት ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

የዳታስ ነገር? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው፣ ያለ ምክንያት። “ኮዲንግ መማር ዩቲዩብ ማየት ነው” ተብሎ ስለተለመደ ፓኬጁ በሁለት ቀን ያልቃል። የፒ5 ጄኤስ የታመቀው ፋይል ግን ሙሉው ወደ 1 ሜጋ ባይት የሚጠጋ ነው። አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ፋይሉን አንዴ አውርዳችሁ፣ እንደ ኤኮድ ያለ ነፃ የኮድ መጻፊያ አፕ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ፣ ከአንዲት አጭር የኤችቲኤምኤል ፋይል ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት በኋላ ኢንተርኔት ሳትከፍቱ መሥራት ትችላላችሁ። ፎልደሩን ዚፕ አድርጋችሁ ለጓደኛ በብሉቱዝ መላክም ይቻላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያልታመቀው ፋይል ጥቂት ሜጋ ባይት ይከብዳል፣ ግን ስትሳሳቱ “እዚህ ጋ ቁጥር ይጠበቅ ነበር፣ አንተ ጽሑፍ ሰጠህ” ብሎ በቀላል እንግሊዝኛ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የታመቀው ይህ ነገር የለውም። ለጀማሪ ከባዱ ይሻለዋል።

ንባብም ከቪዲዮ ይቀላል። የፒ5 ድረ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ አጭር ማብራሪያና የሚሠራ ምሳሌ አለ፤ ምሳሌውን ቀድታችሁ ቁጥሮቹን መለዋወጥ ከአንድ ሰዓት ቪዲዮ የበለጠ ያስተምራል። ቪዲዮ ከፈለጋችሁ ዳንኤል ሺፍማንን ፈልጉ፤ ቻናሉ ኮዲንግ ትሬን ይባላል። ጥራቱን ዝቅ አድርጋችሁ እዩት። ሰውየውን የምወደው ካሜራ ፊት ይሳሳትና፣ ተሳስቶም ሳይቆርጥ ስህተቱን ሲፈልግ ስለሚያሳየን ነው። ኔቸር ኦፍ ኮድ የተባለው መጽሐፉም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። ግን በመጀመሪያው ወር አትክፈቱት፤ ፊዚክስ ይበዛዋል።

“ስልክ እንኳን ቢሆን አልተመቸኝም” የሚል ካለ ቬራ ሞልናር ትዝ ትለኛለች። ሃንጋሪ ተወልዳ ፓሪስ የኖረች ሠዓሊ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 100 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው ያረፈችው። ኮምፒዩተር ያገኘችው በ1968 ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት “ምናባዊ ማሽን” በምትለው ዘዴ ነበር የምትሠራው። ለራሷ ሕግ ታወጣለች፣ ለምሳሌ በየመስመሩ ካሬውን ትንሽ ማዘንበል፣ ከዚያ ራሷ እንደ ማሽን ሆና ሕጉን በእጇ ትከተላለች። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ፕሮግራሙ ጭንቅላቷ ውስጥ አልቆ ነበር። ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ካላችሁ ዛሬ ማታ ይህንን መሥራት ትችላላችሁ። ሕጉን በአማርኛ ጻፉት፦ “ከግራ ወደ ቀኝ አሥር ካሬ ሣል፤ ካሬው ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ጥቁር ቀባው።” ይሄ ኮድ ነው፤ የቀረው ትርጉሙ ብቻ ነው።

ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ የዶርዜ ሸማኔ አጠገብ የተቀመጣችሁ ከሆነ ይህንን ነገር አይታችሁታል። የነጠላው ጥለት ላይ ያለው ጥበብ በቆጠራ ነው የሚመጣው። ስንት ክር ይነሣ፣ ስንት ይለፍ፣ ከስንት ዙር በኋላ ይገለበጥ። ኮድ ውስጥ “ፎር” የሚባለው የመደጋገሚያ ትዕዛዝ ሥራው ይኸው ነው። የእናታችሁን ነጠላ አውጡና አንዱን ጥለት በፒ5 ለመድገም ሞክሩ። መጀመሪያ አንድ አልማዝ ቅርፅ ሣሉ፤ ከዚያ በፎር ወደ ጎን ድገሙት፤ ከዚያ ጎዶሎውን ቀይ፣ ሙሉውን አረንጓዴ አድርጉት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስትደርሱ ፎር ውስጥ ሌላ ፎር ያስፈልጋችኋል። ተማሪ ቤት ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ምሳሌው የማባዣ ሠንጠረዥ ነው። ጥለቱ ሲሆን ግን የት እንደተበላሸ ዓይናችሁ ይነግራችኋል። ረድፉ ተዛብቶ ከወጣ የተሳሳተችው ቁጥር እዚያው ናት።

ሌላ የምወዳት ልምምድ አለች። ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። “ሀ” 4608 ናት። “ሁ” 4609፣ “ሂ” 4610 እያለ ይሄዳል። “ለ” ደግሞ 4616 ናት። ከሀ እስከ ለ ስንት ናቸው? ስምንት። እኛ የምንቆጥረው ሰባት ቤት አይደል? ስምንተኛው ቦታ ለእነ “ሏ” የተያዘ ነው። ይህንን ካወቃችሁ ሁለት ፎር ብቻ ተጠቅማችሁ የፊደል ገበታ ስክሪናችሁ ላይ ማውጣት ትችላላችሁ፦ የውጭው ዙር በስምንት ይዘልላል፣ የውስጡ ከዜሮ እስከ ስድስት ይቆጥራል፣ “ቻር” የሚባለው ትዕዛዝ ቁጥሩን ወደ ፊደል ይቀይራል። ከሀ እስከ ቀ ዘጠኝ ረድፍ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ባዶ ሣጥኖች ይመጡባችኋል፤ “ቈ” ጋ ስትደርሱ ሁሉም ቤት ስለሌላት ነው። ይህንን ያሳየሁት አንድ የሰፈር ልጅ ገበታውን ካወጣ በኋላ ፊደሎቹ ሲነኩ እንዲሸሹ አደረጋቸው፤ ለታናሽ ወንድሙ ጨዋታ ሆነ። እኔ አላስተማርኩትም፤ አምሮት ራሱ ፈልጎ አገኘው።

ስለ ሌሎቹ መሣሪያዎች ባጭሩ። ታናናሽ ወንድምና እህት ያላችሁ ስክራችን አሳዩዋቸው። የኤምአይቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ነው፤ ኮዱ አይጻፍም፣ እንደ ጡብ ይገጣጠማል፣ ከቋንቋ ምርጫዎቹ ውስጥ አማርኛ አለ። ለትንሽ ስልክ ግን አይመችም፤ ታብሌት ወይም ኮምፒዩተር ይፈልጋል። ሙዚቃ የምትወዱ ስትሩድል የሚባለውን ሞክሩ፤ ብራውዘር ውስጥ ምት በኮድ ትሠራላችሁ፣ እየተጫወተ እያለ ትቀይሩታላችሁ። ባለ ስድስት ስምንተኛ ምት ለመሥራት የሞከረ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይበሳጫል፤ ሁለቱም ጥሩ ነው። ሃይድራ የሚባለው ደግሞ ለምስል እንደዚሁ ነው። ኮምፒዩተር የምታገኙ፣ ትምህርት ቤትም ይሁን ቤተ መጻሕፍት፣ ዋናውን ፕሮሰሲንግ ጫኑ። ሼደር የሚባል ነገር ቪዲዮ አይታችሁ “ከዚህ ልጀምር” እንዳትሉ። ያምራል፤ ለጀማሪ ግን ግድግዳ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። አንደኛው ጥያቄ “ክብ እንጀራ ይሆናል ወይ?” ነው። አይሆንም። በስዕል ኮድ ብቻ ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት አገራችን ውስጥ መፈለግ ድካም ነው፤ ይህንን ዋሽቼ አልነግራችሁም። ግን ፒ5 የተጻፈበት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ነው፣ ድረ ገጾች ሁሉ የሚንቀሳቀሱበት ቋንቋ። ክቡን ለማንቀሳቀስ የተማራችሁት ፎር፣ ኢፍ፣ ቫሪያብል፣ ፈንክሽን ነገ ድረ ገጽ ስትሠሩ እዚያው ናቸው። ኮርሱን ከዚህ በኋላ ግቡበት። ያኔ መምህሩ “ሉፕ” ሲል ጥለቱ ይታያችኋል። እኔ ራሴ ከዚህ በኋላ ነው የአንድ ወር የታክሲ ወጪዬን በክቦች ስዬ ያየሁት፦ ክቡ ሲተልቅ ወጪው በዝቶ። ማክሰኞዎቼ ለምን ያን ያህል እንደሚያብጡ ከሠንጠረዥ ላይ አላየሁትም ነበር። ኢኮኖሚስት ነኝ ለሚል ሰው ይሄ ትንሽ ያሳፍራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። “ኤአይ ኮዱን ይጽፍልኝ የለ፤ ለምን እደክማለሁ?” ይጽፍላችኋል፣ እውነት ነው፤ በደቂቃ ውስጥ የሚያምር ነገር ያወጣል። ችግሩ የሚጀምረው “ትንሽ ወደ ግራ” ማለት ስትፈልጉ ነው። የትኛዋ ቁጥር ግራን እንደምትገዛ ካላወቃችሁ ማሽኑን ደጋግማችሁ ትለምናላችሁ፣ እሱም እያንዳንዱን ጊዜ ሌላ ነገር ያበላሽባችኋል። ኤአይን እንደ አስረጂ ተጠቀሙበት፤ “ይቺ መስመር ምን ታደርጋለች?” ብላችሁ ጠይቁት፣ በአማርኛም ይመልሳል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ስዕሎች ግን ጣታችሁ ራሱ ይጻፍ። አስቀያሚ ይሁኑ፤ የእኔዎቹም አስቀያሚ ነበሩ።

ስልጠና ለምትሰጡም አንድ ልመና አለኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ለስዕል ስጡት። ደመወዝ ማስላቱ ይደርሳል፤ አምስት ቀን ዘግይቶ ቢጀመር የሚጎዳ ነገር የለም። የሚቀሩ ተማሪዎቻችሁን ቁጥር ግን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ መዝግባችሁ አወዳድሩ። እኔ ውጤቱን በጣም ማወቅ እፈልጋለሁ።

የቀረን ነገር ቋንቋው ነው። የፒ5 ድረ ገጽ በስፓኒሽ፣ በኮሪያኛ፣ በቻይንኛና በሂንዲ ይነበባል። በአማርኛ የለም። የስህተት መልእክቶቹ እንኳን ወደ ስፓኒሽና ኮሪያኛ ተተርጉመዋል። ይህንን የሠራው ትልቅ ድርጅት ትእዛዝ ሰጥቶ አይደለም፤ ፕሮጀክቱ ክፍት ስለሆነ የየቋንቋው ሰዎች አንድ ገጽ አንድ ገጽ እያሉ ነው የሞሉት። እንግሊዝኛ ስለሚከብደው ብቻ “ኮዲንግ አይገባኝም” ብሎ የተወ ስንት ልጅ እንዳለ አስቡት። ከእኛ መሐል እንግሊዝኛውንም ኮዱንም የሚችል ሰው ሞልቷል፤ በሳምንት አንድ ገጽ ቢተረጉም የሚያጣው አንድ የፊልም ክፍል ነው።

እኔ ለራሴ ጀምሬዋለሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን ተይዣለሁ። “ቫሪያብል”ን “ተለዋዋጭ” ማለት አልከበደኝም፣ ኢኮኖሚክስ ላይ ለምደነዋል። የከበደኝ “ካንቫስ” ነው። ሠዓሊዎቹ እንደሚሉት “ሸራ” ብዬ ጽፌ ለታናሽ እህቴ አስነበብኳት። “300 በ300 የሆነ ሸራ አዘጋጅ” የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ “የጫማ ቁጥር ነው?” አለችኝ። ለጊዜው ካንቫስ ብዬ ትቼዋለሁ፤ የተሻለ ቃል ያላችሁ ላኩልኝ።